ማክሰኞ የሚቀደድ መረብ

ኩምፓኖ ውስጥ ማክሰኞ ባሕር አይገባም። ቀኑ የቦሶምፖ ነው፤ የባሕሩ አምላክ ያን ቀን ያርፋል፣ እንግዳ አይቀበልም። ስለዚህ ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ጎሕ ድረስ ታንኳዎቹ አሸዋው ላይ ተጋድመው ይውላሉ፤ ወንዶቹም እንደዚያው። ልጅ ሳለሁ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ የምወደው ማክሰኞን ነበር። በሌላው ቀን አባቶቻችን ጨው የበላቸው፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ለሰላምታ እንኳ የማይመቹ ሰዎች ነበሩ። ማክሰኞ ግን ገላቸውን ታጥበው ከትልቁ የለውዝ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። መረብ ይጠግናሉ፣ ዳማ ይጫወታሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታረቀውንም መልሰው ያጣላሉ። ዛፉ ያለው ከቤቶቹ ጀርባ ስለሆነ ከዚያ ባሕሩ አይታይም። ባሕሩን ማየት ክልክል ነው ያለ የለም፤ ግን የተኛ ሰው ክፍል ገብቶ እንደ ማፍጠጥ ስለሚቆጠር ማንም ወደ ዳርቻው አይወርድም ነበር።

ስሜ አራባ ነው። በእኛ ዘንድ ማክሰኞ የተወለደች ሴት ሁሉ አራባ ናት፤ በክፍላችን አምስት ነበርን። እኔ «የኤጃ አንሳ አራባ» እባላለሁ። ኤጃ አንሳ አያቴ ናቸው፣ «ኤጃ» አባባ ማለት ነው፤ ከከተማው ሰው ሁሉ አብልጠው መረብ መጠገን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ኬኬሊ ነበረች። አባቷ ፎ አግቤኮ የኤዌ ሰው ነው፤ ከምሥራቅ፣ ከቮልታ ወንዝ ማዶ፣ ሚስቱን፣ የአንድ ዓመት ልጁንና ሁለት ወንድሞቹን ይዞ መጥቶ ከዳርቻው ጫፍ፣ ከኮኮናት ዛፎቹ በታች ጎጆ ቀለሰ። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግን እንግዳ ነበሩ። ሌላ አገር ስንት ዓመት እንደሚበቃ አላውቅም። እኛ ጋ አሥራ አንድ አይበቃም።

በዚያ ዓመት ከዝናቡ በፊት ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ከተማችን መጣ። አሳ አጥማጅ መንደር ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው አይረሳም። ማስታወሻ ደብተር ይዟል፣ ቋንቋችንን አሳምሮ ይናገራል፤ ስለ ባህላችን ማወቅ እፈልጋለሁ አለ። የአሳ አጥማጆቹ አለቃ ናና ኩዌጂር ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ማክሰኞ አስረዱት። ናና የሚያዳምጣቸው ሰው ካገኙ ቆይቷል፤ ሚስቶቻቸው ሁሉንም ሰምተውታል። ሰውዬው ሲሄድ ለእኛ ለልጆቹ ከረሜላ አደለን። የአጎቴ ልጅ ኤቦ ሁለቴ ተሰልፎ ሁለቴ ተቀበለ።

ወር ሳይሞላ መረቦቻችን መቀደድ ጀመሩ።

ከዓለቱ ማዶ፣ ጥልቁ ጋ፣ ተተክሎ የሚያድር መረብ አለ። ከታች በድንጋይ ይታሰራል፤ ከላይ ተንሳፋፊ እንጨት ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ጨርቅ ያውለበልባል። የአባቴ ቀይ ነበር። ሰኞ ተተክሎ ረቡዕ ጠዋት ይነሣል። አንድ ረቡዕ ወንዶቹ ሲሄዱ ግማሹ መረብ የለም፤ የቀረውም ተቀዳዷል። በቀጣዩ ረቡዕም እንዲሁ። በሦስተኛው ረቡዕ ናና ኩዌጂር ከተማውን ከለውዙ ዛፍ ሥር ሰበሰቡ።

«የኩምፓኖ ሰው ማክሰኞ ባሕር አይገባም» አሉ ናና። «ይሄ መረብ የተቀደደው ማክሰኞ ነው። ስለዚህ የገባው የኩምፓኖ ሰው አይደለም።»

ሕዝቡ ሁሉ በነገሩ ጥራት ተደነቀ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ፎ አግቤኮን አየ።

ፎ አግቤኮ ተነሣ። ቀጭን ረጅም ሰው ነበር፤ ሲናገር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይይዛል። «ናና፣ አሥራ አንድ ዓመት ማክሰኞን አክብሬያለሁ። በእኛ አገር የዕረፍት ቀኑ ሌላ ነው፤ እሱንም አከብራለሁ። እዚህ ከተማ በሳምንት ሁለት ቀን ጾሙን የሚያድር እኔ ብቻ ነኝ።»

ሰው ሳቀ። ናናም ትንሽ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተሰቡን ይዞ ከዳርቻችን እንዲነሣ ፈረዱበት።

በማግስቱ ክፍል ስገባ ኬኬሊ ወንበራችን ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከፊታችን ያለው ወንበር ወደ ፊት፣ ከኋላችን ያለው ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሏል። እናቷ ዳቪ አፊም በዚያው ቀን ያጨሰችውን አሳ በሳፋ ተሸክማ ገበያ ወጣች፤ ማታ ሙሉውን ሳፋ ይዛ ተመለሰች። ጉድጓዱ ጋ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ተራቸውን ለቀውላት ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ለማያውቅ አክብሮት ይመስላል።

ኤቦ በዕረፍት ሰዓት መጣና ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ቆመ።

«እናቴ ከእሷ ጋ እንዳትጫወት ብላኛለች» አለ።

«ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?» አልኩት።

«እየተጫወትኩ አይደለማ። እያወራሁ ነው።»

«አባቴ አልገባም» አለች ኬኬሊ። አላለቀሰችም፤ ትምህርት እንደምትመልስ ነው የተናገረችው። «ማክሰኞ ከኛ ጎጆ ደጃፍ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቅርጫት ሲሠራ ነው የዋለው። ሦስቱንም ማክሰኞ። ግን ያየው እናቴና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እኔ ነን። እኛ ደግሞ አንቆጠርም።»

«እሱ ካልሆነ ማን ነው?» አለ ኤቦ። «ሻርክ ይሆናል። ሦስት ሻርኮች።»

«ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚመጡ?» አልኩት።

ኤቦ አሰበ። «የሰለጠኑ ይሆናሉ» አለ።

ቅዳሜ ኬኬሊን በጓሮ በኩል ወደ አያቴ ቤት አስገባኋት። ኤጃ አንሳ የተቀደደውን መረብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በእንጨት ወስፌያቸው ክር እያሳለፉ ነበር። ኬኬሊን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልን። አያቴ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ከመረብ ጋር ስለኖሩ ይመስለኛል።

«ኤጃ፣ ይሄ በቢላ ነው የተቆረጠው?» አልኳቸው።

«ቢላ የቆረጠው ጫፍ እንደተላጨ ጢም ነው፤ ጥርት ያለ። ይሄን እዪው። ክሩ ቀጥኗል። ተስቦ፣ ተስቦ፣ ሲያቅተው ነው የተበጠሰ።»

ኬኬሊ ጫፉን በጣቶቿ አሻሸችው። «ሁሉም በአንድ በኩል ነው የተበጠሰው» አለች። «ድንጋዮቹስ ኤጃ?»

«የሉም። አንዱን ዓለቱ ሥር ተጎትቶ አገኙት።»

«አባቴና አጎቶቼ አንዷን ድንጋይ ለማንሣት ሦስት ሆነው ያቃስታሉ። ታንኳችን እሷን ብትጎትት ራሷ ነው የምትሰጥመው።»

አያቴ ወስፌውን አቁመው በደንብ አዩዋት። «ይቺ ልጅ መጠገን ትችላለች» አሉኝ፤ ከእሳቸው አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልሰማሁም።

«ታዲያ ለምን ለናና አይነግሯቸውም?» አልኩ።

«አልጠየቁኝም።»

«ሳይጠይቁዎት ይንገሯቸዋ!»

«እሺ፣ ነገርኳቸው። 'ታዲያ ማን ነው?' ይሉኛል። እኔ ምን እላለሁ? ትልቅ ነገር ነው? ኩዌጂርን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሌላ ሰው ካላመጡለት በእጁ ያለውን አይለቅም። ማን እንደሆነ አምጡልኝና እሄዳለሁ።»

ስለዚህ ማክሰኞ ባሕሩን ማየት ነበረብን። የመጨረሻው ማክሰኞ ነበር፤ በማግስቱ ኬኬሊ ትሄዳለች።

ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለው የሜቶዲስት ቤተ ጸሎት የደወል ግንብ አለው፤ ከዚያ ላይ ባሕሩ እስከ ዓለቱ ማዶ ይታያል። ኤቦ ግን ነገሩ አላማረውም።

«ቦሶምፖ ቢቆጣስ?»

«ማየት እንጂ መግባት መች ነው?» አልኩት።

«ዓይንሽ ከገባስ?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ያዳነችን ኬኬሊ ናት። «ቀኑ የናንተ ነው፤ የኔ አይደለም። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የደወሉን ገመድ ያዙ። እኔ አያለሁ» አለች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፣ መጸዳጃ ቤት።»

«ሂጂ። አንቺስ? አንተስ? ሦስታችሁም?»

«የትናንቱ የበቆሎ ኬንኬይ ነው ቲቸር» አለ ኤቦ፣ ሆዱን ይዞ። «ተበላሽቶ ነበር። እየበላሁ እያወቅኩት ነበር።»

ግንቡ ውስጥ የርግብ ኩስ ይሸታል። ሰባ ሦስት ደረጃ ወጣን። ላይ ስንደርስ እኔና ኤቦ ዓይናችንን ጨፍነን ገመዱን ያዝን። ነፋሱ ይሰማኛል፤ ከገበያው የሴቶች ጫጫታ፣ ከለውዙ ዛፍ ሥር የዳማው ጠጠር ጣውላው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል።

«ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ምንም።»

«አሁንስ?»

«ውኃ። ኤቦ፣ እግሬን ረገጥከኝ።»

ብዙ ቆየን። ቲቸር የኬንኬይ ጉዳይ ይህን ያህል እንደማይፈጅ ማሰብ የሚጀምሩበት ሰዓት ደረሰ። ከዚያ የኬኬሊ ትንፋሽ ቆም አለ።

«አራባ፣ የአባትሽ ጨርቅ ቀይ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እየሄደ ነው።»

ዓይኔን ገለጥኩ። ቦሶምፖ ይቅር ይበለኝ፤ ማንም ሰው ይገልጥ ነበር። ከዓለቱ ማዶ አመድ የመሰለ ትልቅ የብረት መርከብ፣ ለከተማችን ጎኑን ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከኋላው ሁለት ወፍራም ገመዶች ውኃ ውስጥ ገብተዋል። ከገመዶቹ ኋላ የቤተሰቦቻችን ጨርቆች፣ ቀዩ፣ ቢጫው፣ የኤቦ አባት ሰማያዊ፣ ወደ ቀብር እንደሚሄድ ሰው ተከታትለው ይሄዳሉ።

«ያ የኛ ነው!» አለ ኤቦ። እሱም ገልጦ ነበር።

ደወሉን ሦስታችንም ተንጠልጥለን ደወልነው።

በኩምፓኖ ከእሑድ ውጪ ደወል ከተደወለ ሰው ሰጥሟል ማለት ነው። ከላይ ሆነን ከተማው ሲፈስ አየን። ሴቶች ሳፋቸውን ጥለው፣ ወንዶች የዳማ ጠጠር በእጃቸው እንደያዙ፣ ቲቸር ጠመኔ እንደያዙ፣ ሁሉም ወደ ዳርቻው ሮጠ። እኛ ስንደርስ ሕዝቡ ውኃው አፍ ላይ ቆሟል። የሰጠመ ሰው የለም። መርከቡን ግን ሁሉም ያየዋል፤ ሕፃን ያዘለች ሴት እንኳ ታየዋለች።

«ታንኳ አውጡ!» አለ አንዱ።

ወንዶቹ ወደ ታንኳዎቹ ሮጡ፣ እጃቸውን ጣሉባቸው፤ እዚያው ቆሙ።

«ማክሰኞ ነው» አለ ሌላው።

የኩምፓኖ አሳ አጥማጆች በሙሉ፣ አርባ ሰው የሚሆኑ፣ ማዕበሉ እግራቸውን እየነካ፣ መረባቸው ዓይናቸው እያየ ሲሄድ ቆመው አዩ። አባቴን አስታውሰዋለሁ። አንድ እግሩን ውኃ ውስጥ አስገባ፤ አወጣው፤ ሰው አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘ።

አያቴ ከኋላ፣ በዝግታ፣ መረብ ትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መጡ። ናና ኩዌጂር አጠገብ ቆሙና፣ «ትልቅ ነገር ነው ብዬ ልነግርህ ነበር» አሏቸው።

ናና የልብሳቸውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ መልሰው ጣሉት።

ያን ጊዜ ፎ አግቤኮ ከነወንድሞቹ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። የእሱ ታንኳ ትንሽ ሞተር ነበራት።

«ናና፣ ልሂድ?»

ነገሩን አስቡት። ማክሰኞ ባሕር ገባህ ተብሎ ነገ የሚባረር ሰው፣ ማክሰኞ ባሕር ልግባ ብሎ የሚያባርሩትን ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። ናና «ሂድ» ካሉ በገዛ አፋቸው ቀኑን አፈረሱ። «አትሂድ» ካሉ መረቡ ሄደ። ላባቸው ከግንባራቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ተንጠለጠለ።

መርከቡን አዩ። ፎ አግቤኮን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጡ።

አያቴ ቀጠሉ። ከዚያ አባቴ፣ የኤቦ አባት፣ ሌላውም ሌላውም። በመጨረሻ ሕዝቡ በሙሉ ወደ ቤቶቹ ዞሮ፣ የኮኮናቱን ዛፎች በከፍተኛ ጥሞና ይመለከት ጀመር። ከኋላችን የታንኳ ሆድ አሸዋውን ሲፍቅ፣ ሞተር ሲያስል፣ ከዚያ ሲነሣ ሰማን። ማንም ምንም አልሰማም።

«ደረሰ?» አሉ ናና ሳይዞሩ።

ኬኬሊ ብቻዋን ወደ ባሕሩ ዞራ ቆማለች። «ሊደርስ ነው» አለች።

«ማን ጠየቀሽ? እኔ ምንም አልጠየቅኩም።»

«እሺ ናና።»

«አሁንስ?»

አባቷ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ቆየን። መርከቡ አሳንና መረብን እየጎተተ ስለሆነ ፍጥነት አልነበረውም። ፎ አግቤኮ ከኋላው ገብቶ ገመዱን በቢላው እየቆረጠ የቻለውን ያህል መረብ ለቀቀ፤ የመርከቡንም ቁጥር በከሰል መቅዘፊያው ላይ ጻፈ። ታንኳዋ አሸዋውን ስትነካ ሕዝቡ ገና እንደመጣ ሰው ዘወር አለ።

«ከመርከቡ ላይ ሰው አነጋገረኝ» አለ ፎ አግቤኮ፣ ውኃ እየተንጠባጠበበት። «በእናንተ ቋንቋ፣ በፋንቴ ነው ያነጋገረኝ፤ አጥርቶ ይናገራል። በጣም ተቆጥቶ ነበር። 'ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?' አለኝ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ አያቴ።

«ምን አውቃለሁ ኤጃ። ነጭ ጫማ ያደረገ።»

«ከረሜላ የሰጠን!» አለ ኤቦ፤ እናቱ አፉን በእጇ ከደነችው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

ሰው ሁሉ ናና ኩዌጂርን ላለማየት ሲል እግሩን አየ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነበር ያስረዱት። ከሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ጎሕ ድረስ አንድም ታንኳ እንደማይወጣ፣ አንድም ሰው ወደ ዳርቻው እንደማይወርድ፣ ሰውዬው ያልገባውን ሲጠይቅ ደግመው ነግረውታል።

ረቡዕ ማለዳ ናና ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ አንድ ጠርሙስ ጂንና አንድ በግ ይዘው ወደ ኮኮናቱ ጫፍ ሄዱ። ጂኑ የይቅርታ ነው። በጉ ለቦሶምፖ ነው፤ ማክሰኞን ያፈረሰ በግ ያቀርባል። ማን እንዳፈረሰ ሲጠየቅ ናና «እኔ» አሉ፤ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። እኔና ኤቦ ከጎጆው ጀርባ ተደብቀን ነበር። ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ የአሳ ማጨሻው ወንፊት ሁሉ ታስሮ ደጅ ላይ ተቀምጧል።

«ተሳስተናል» አሉ ናና። «ዕቃችሁን ፍቱ። ቤታችሁ ነው።»

«ሚስቴን ልጠይቃት» አለ ፎ አግቤኮ።

ዳቪ አፊ እጇን በልብሷ ጠረገች። «እኔስ የትም አሳ አጨሳለሁ። ወንበሯ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችው ልጄ ናት። እሷን ጠይቋት» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በዚያ ከተማ ታሪክ ሽማግሌ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መልስ ቆሞ ጠብቆ አያውቅም። በጉ ብቻ ነበር የማይጨነቀው፤ ባያውቅ ነው።

«ፈተና አለብኝ» አለች ኬኬሊ። «ፈተናው እስኪያልቅ እንቀመጣለን።»

«ከዚያስ ልጄ?» አሉ ናና።

«ከዚያማ ፈተናው አልቋል።»

ናና ይህን እንደ እሺታ ቆጥረው ደስ ብሏቸው ሄዱ። እኔም እንደ እሺታ ቆጥሬው ነበር።

የመርከቡን ቁጥር ለሚመለከታቸው ሰዎች ሰጠን፤ ተመዘገበ ተባልን። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ግንቡ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን እንዲያዩ ተደረገ። መርከቡ አንድ ጊዜ ከሩቅ ታየ፤ ደወሉ ሲደወል ዞሮ ሄደ፤ ሌላ አልመጣም። ያ ጊዜ በኩምፓኖ ካየሁት ሁሉ ጥሩው ነበር። ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የዳቪ አፊ ሳፋ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ኬኬሊ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያቴ ዘንድ መጠገን ትማራለች፤ ከእኔ ትሻላለች፤ አያቴም ይህን አልደበቁኝም።

ፈተናው አለቀ። በማግስቱ ኬኬሊ እንደሚሄዱ ነገረችኝ።

«ለምን? አሁን እኮ ሁሉም ይወዳችኋል!»

«እሱማ ነው» አለች። «አባቴ ዳማ ሲጫወት ሁሉም ሆን ብለው ይሸነፉለታል። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ዳማ እኮ አይችልም አራባ። እናቴ ጨው ስትጠይቅ ከነዕቃው ይሰጧታል። ሲያዩን ፊታቸው ይለወጣል። በቃ ደክሞናል።»

«እኔ አልተለወጥኩም» አልኳት።

«አንቺማ ያው ነሽ። ላጲሴን መልሽልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። የተጫነች ታንኳ ከባድ ናት፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይገፋትም። ስለዚህ ሰው መጣ። አባቴ መጣ፣ የኤቦ አባት መጣ፤ ናና ኩዌጂር የክብር ልብሳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ትከሻቸውን ከታንኳዋ ጎን አስደገፉ። አንዱ ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ቅብብል ታንኳዋ አንድ ክንድ ወደ ውኃው ትሄዳለች። ኬኬሊ ከላይ፣ ከታሰሩት ድስቶች መካከል ተቀምጣ ወደ ታች ታየኛለች። እጄን ከናና እጅ አጠገብ ጣውላው ላይ አደረግኩ። እንዳልገፋ አስቤ ነበር። ግን ሁሉም ሰው እየገፋ እጅህን ብቻ አስደግፈህ መቆም አይቻልም፤ ዜማው ራሱ ይገፋሃል። ገፋሁ። ማዕበሉ ተቀበላትና፣ እኔ ሳላስበው፣ እንደዚያ ቀላል ሆና ከእጄ ወጣች።